ቀስ በሉ፣ ደረጃው ያዳልጣል

ልጄ ቢኒያም ሞተ ይላሉ። እኔ አላልኩም። ሰዎች ናቸው ያሉት።

ቆሜ ነው የምጽፈው። እህቱ ሊያ "ማም፣ ፕሊስ፣ ሲት ዳውን" ትለኛለች፤ እቀመጣለሁ፣ መልሼ እነሳለሁ። ጽሑፍ ብዙም አይሆንልኝም፣ ቢዘበራረቅ ታገሱኝ።

ዛሬ ጠዋት ገና በደንብ ሳይነጋ ደረጃችን ላይ የብዙ ሰው ኮቴ ሰማሁ። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ መሬት ላይ በረዶ ሆኗል፣ እኔም ገና በረዶውን የሚያሟሟውን ጨው አልበተንኩም። በሩን ከፍቼ "ቀስ በሉ፣ ደረጃው ያዳልጣል!" ብዬ ጮህኩ።

ከፊት እዚህ ባሕር ማዶ የመሠረትነው እድር ሰብሳቢ ጋሽ ተካ ናቸው። ከኋላቸው ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች። ያኔ ገባኝ። በዚያ ሰዓት ሰው ተሰብስቦ ለምን እንደሚመጣ እኔም አውቃለሁ፣ የሌላ ሰው ቤት እንደዚያ ሄጃለሁ። መርዶዬን ይዘው የመጡትን ሰዎች እንዳይወድቁ ስጠነቀቅላቸው ነበር።

ለማታውቁት፣ ቢኒ ኤርፖርት ነው የሚሠራው፣ ውጭ፣ አውሮፕላኑ ሥር። አውሮፕላን ወደ ኋላ ሲገፋ ክንፉ ከምንም እንዳይነካካ በሁለት እጁ መብራት ይዞ ከጎኑ የሚሄደው እሱ ነው። ብርዱ ሲገባ ደግሞ ክንፍ ላይ የጋገረውን በረዶ በሙቅ ፈሳሽ ያጥባሉ። "ፈሳሹ ክንፍ ላይ ሲሆን ተሳፋሪ ያድናል፣ መሬት ላይ ሲፈስ እኛን ይጥላል" ይለኝ ነበር። እሱ እየሳቀ። እኔ አልስቅም።

በረዶ ላይ መራመድ ያስተማረኝ እሱ ነው። ሰፈራችን ኮሎምቢያ ሲቲ ከባቡሩ ወርደን ወደ ቤት ስንመጣ፦

"እማዬ፣ እንደ ፔንግዊን ሂጂ።"

"እሱ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ኦኬ፣ እንደ ዳክዬ። እጅሽን ከኪስሽ አውጪ። አጭር አጭር አድርገሽ፣ ሙሉ እግርሽን አሳርፊ።"

"ኧረ ሰው እያየን ነው!"

"ይየን። ብትወድቂም ያዩሻል።"

ቶሎ እንበል ስለው "ቀስ በይ፣ አውሮፕላኑ ይጠብቃል" ይላል። ምን አውሮፕላን አለ? የምንሄደው ቤት ነው። ግን ለሁሉም ነገር ይላታል። ቤተክርስቲያን ረፈደብን ስለው፣ ወጡ አልደረሰም ብዬ ስጨነቅ። መኪና ፓርክ ሳደርግ ሁለት ጭልፋ ይዞ ይወጣና እንደ አውሮፕላን ይመራኛል፣ "ማዘር፣ እኔን ብቻ እዪ!" እያለ። ጎረቤት በመስኮት ይስቅብናል። ሥራ ቦታም ጓደኞቹ ሲጣደፉ ያችኑ ይላቸው ነበር አሉኝ።

አሁን የምጽፍበትን ምክንያት ልንገራችሁ።

እንደነገሩኝ፣ ሌሊት ሥራ ላይ እያሉ የሻንጣ ጋሪ የሚጎትተው ትንሹ መኪና በረዶው ላይ ፍሬን አልያዘም። ቢኒ ክንፉ ሥር ነበር። መኪናውን የሚነዳው ጀማል ነው። ጀማል የቢኒ የልብ ጓደኛ ነው። ረመዳን ላይ እኛ ቤት የሚያፈጥር፣ ሾርባዬን "ትንሽ ጨው አነሰው" እያለ ሦስቴ የሚያስቀዳ ልጅ።

ስልኬን ስከፍት ሰዎች ስሙን እየጠሩ ይጽፋሉ። "ገዳይ" ያለም አየሁ። እባካችሁ አጥፉት። እዚያ አልነበራችሁም። መሬቱ በረዶ እንደያዘ ለምን እንደተተወ የሚመረምሩት ይመርምሩ፤ እኔም እጠይቃለሁ፣ አልተውም። ጀማል ግን ልጄን አልገደለም።

በመስኮቱ ይታየኛል። ከቅድም ጀምሮ ፓርኪንጉ ውስጥ ቆሟል። የሥራ ጃኬቱን እንኳ አላወለቀም። ሰው በአጠገቡ እያለፈ ይገባል፣ ማንም ግባ አይለውም። ጋሽ ተካ "አስቴር፣ ለዛሬ ይቅር። ሰው ሐዘኑ ገና ትኩስ ነው" አሉኝ።

"ጋሽ ተካ፣ ልጁ ብርድ ላይ ነው" አልኳቸው።

ቆዩኝ። መጣሁ።

ተመለስኩ። ጨዉን ከፊቴ እየበተንኩ ወጣሁ።

"ግባ" አልኩት።

"አልችልም እናቴ። በምን ዓይኔ አይሻለሁ?"

"በዚሁ ባለህ ዓይን። ግባ፣ ትታመማለህ።"

ክንዱን ያዝኩት። እንደ ዳክዬ፣ ትንሽ ትንሽ እያልን ሄድን። ደረጃው ጋ ስንደርስ ሊሮጥ ፈለገ፣ ሰው እንዳያየው መሰለኝ። "ቀስ በል፣ አውሮፕላኑ ይጠብቃል" አልኩት። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም።

ያኔ አለቀሰ። እኔም ከጠዋት ጀምሮ አላለቀስኩም ነበር፣ ያኔ አለቀስኩ።

ቢኒዬ፣ ጓደኛህ ገብቷል። ሶፋው ላይ፣ አንተ ቦታ ተቀምጧል። ሊያ ብርድ ልብስ ደርባለታለች። አንድ ነገር አድርጉልኝ ብትል የምትለው ይሄንኑ ነበር፣ አውቅሃለሁ።

እኔ ግን አሁንም መቀመጥ አልቻልኩም። ሰው እየመጣ ነው፣ ደረጃው ደግሞ መልሶ እየጋገረ ነው። ጨው ልጨምርበት።

ደህና ሁን የኔ ልጅ። የምትሄድበትን መንገድ አላውቀውም። የሚያዳልጥ ከሆነ እጅህን ከኪስህ አውጣ፣ ሙሉ እግርህን አሳርፍ።

ቀስ በል። እኔም እመጣለሁ።