አዲሱን እንዳትነካ

በስፌት ቤታችን «ኮምፒውተሯ» የሚባሉ ሁለት ናቸው። አንደኛዋ ጥግ ላይ የአቧራ ጨርቅ ለብሳ የተቀመጠችው ዕቃ ናት፤ ሁለተኛዋ ዕቃዋን የምታሠራው ሴት። ደንበኛ ደውሎ «ኮምፒውተሯ ዛሬ አለች?» ሲል የትኛዋን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም፤ አንዷ ከሌለች ሌላዋም የለችማ። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ ዚፕና ቁልፍ እተክላለሁ። ስለዚህ የምነግራችሁ የሰማሁትን ሳይሆን በዓይኔ ያየሁትን ነው።

የቤቱ ባለቤት ጋሼ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ዕቃ ግዙ ሲባሉ ግን እጃቸው ይታሰራል። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ዓርማ የሚጠልፈውን ማሽን ያገለገለ ገዝተው ሲያመጡ፣ ኮምፒውተር ከሚነሳባቸው ሲስተሞች የሚግባባው ከድሮው ጋር ብቻ ሆነ። ኮምፒውተሩ ይዞት የመጣው ሲስተም ደግሞ ዓርማ ለመሣል ያስፈልግ ነበር። የደረሰኙ ፕሮግራም በበኩሉ ከወጡት ሁሉ የመጨረሻውን ሲስተም ካላገኘሁ አልሠራም አለ። ሴትየዋ «ሌላ ኮምፒውተር ይግዙ» ስትላቸው ጋሼ ሳቁ።

«የኔ ልጅ፣ ሦስት ወንድማማች አንድ ቤት አይኖርም እንዴ? ክፍል ክፍል አበጂላቸው!»

አበጀችላቸው። አንዱን ዲስክ ሦስት ቦታ ከፍላ ሦስቱንም ሲስተሞች በየክፍላቸው አስገባች። ኮምፒውተሩ ሲበራ ሦስት መስመር ይመጣል፤ እሷ አንዱን ትመርጣለች። ለጥልፍ አንዱን ታስነሳለች፣ ደንበኛ ደረሰኝ ሲል አጥፍታ ሌላውን ታስነሳለች፤ እንዲህ ስታጠፋና ስታስነሳ ትውላለች። እኛ አንዴ ነካክተን ጥቁር ስክሪን ከመጣብን ወዲህ አጠገቡም አልደረስን።

ባሏ የውሃ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሩቅ ከተማ ሲያዛውረው፣ እህቱ እዚያ ስለምትኖር ትንሿን ልጃቸውን ይዞ ሄደ። እሷ «ተተኪ እስኪገኝ» ተብላ ቀረች። ይህች «እስኪ» የምትባል ነገር ስንቱን ሰው ትበላለች! የዩኒፎርሙ ወቅት አልፎ ሌላ ወቅት መጣ። ጋሼ ባለፉ ባገደሙ ቁጥር «አንቺ እኮ የቤቱ ምሰሶ ነሽ» ይሏታል፤ ማሞገሳቸው ነው። ምሰሶ ከቆመበት ንቅንቅ እንደማይል እሳቸው አላሰቡትም። እሷ ግን ሳታስበው አልቀረችም፤ ያን በሰማች ቁጥር ፊቷ ይዳምናል።

በመጨረሻ ተተኪው ተገኘ፤ ዝምተኛ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው። ሁሉን አንድ በአንድ አሳየችው። አንድ ነገር ግን ቀረ፤ እሱም የመጣው ከእኛው አፍ ነው። ያ ያገለገለ ማሽን የመጣ ዕለት «አዲሱ ማሽን» አልነው፤ ዛሬም አዲሱ ነው። የሚያሠራውንም ሲስተም «አዲሱ» እንለዋለን። «አዲሱን አስነሺልኝ» ከተባለ ከሦስቱ ሁሉ ያረጀውን ማለት ነው። ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣው ደግሞ «አሮጌው» ነው። ለእኛ ይህ ግልጽ ስለሆነ ላላወቀ ሰው ማስረዳት ያስፈልጋል ብሎ ያሰበ የለም።

ወደ ባሏ የምትሄድበትን ትኬት ልትቆርጥ እንደወጣች ዲስኩ ሞላ። አሮጌው በዚያን ጊዜ ሥራ ፈትቶ ነበር፤ የመሣያው ፕሮግራም በመጨረሻውም ሲስተም ላይ መሥራት ጀምሯል። ተተኪው ለጋሼ ደወለ።

«አሮጌውን አጥፋና ቦታውን አስፋ» አሉት ጋሼ። «አዲሱን ግን እንዳትነካ፣ የምንበላው በሱ ነው!»

ሰውዬው የሦስቱንም ዕድሜ አየና ያረጀውን አጠፋ። እኔም በሱ ቦታ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። እዚያ ክፍል ውስጥ የተቀመጡት የትምህርት ቤቶቹ ዓርማዎች ሁሉ አብረው ሄዱ።

ትኬቷን ይዛ ስትመለስ ማሽኑ ቆሟል፤ ተተኪው ደርቆ ቀርቷል።

«የቱን ነው ያጠፋኸው?»

«አሮጌውን።»

ስክሪኑን አየችና ቁጭ አለች።

«ብቻውን መልሼ ብጭነው ማስነሻውን ይቀማል፤ ሌሎቹ አይታዩም» አለ ተተኪው። «ሁሉንም አጥፍቶ ከትልቁ ጀምሮ በዕድሜ ተራ መጫን ነው።»

እንዳለው ሁሉንም አብረው ጫኑ። ዓርማዎቹን ግን ከናሙና ጨርቅ እያዩ ክር በክር እንደገና መሣል ያስፈልጋል። ተተኪው ሐፍረቱን አልቻለውም፤ ወጥቶ በዚያው ቀረ። አሁን ለዚያ ማሽን መሣል የምትችል እሷ ብቻ ናት።

«የኔ ልጅ፣ ዓርማዎቹ እስኪያልቁ ብቻ» አሉ ጋሼ።

ደሜ ፈላ። «ጋሼ፣ ይቺ ሴት እኮ ልጅ አላት!»

«እናንተስ የኔ ልጆች አይደላችሁ?»

ከዚህ ሰው ጋር እንዴት ይጣሏል? ጥላ ብትሄድስ ትሉ ይሆናል። ዓርማ ከሌለ ዩኒፎርም የለም፤ ዩኒፎርም ከሌለ የሃያ ሰው ጉሮሮ ይዘጋል። እሷ ይህን ታውቃለች፤ እኛም ማወቋን እናውቃለን። ትኬቷን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፤ ማናችንም «ሂጂ» አላልናትም።

ትናንት ከሰዓት ባሏ ደወለ። እጇ ሥራ ላይ ስለነበር ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ባሏ ሰላም ብሏት ለልጅቷ ሰጣት።

«ሄሎ፣ እንደምን ዋሉ?» አለች ልጅቷ።

«የኔ ቆንጆ! ደህና ነኝ፣ አንቺስ?»

«ደህና። መቼ ይመጣሉ?»

«እነማን ናቸው የሚመጡት?» አለች እናት፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

«እርስዎ።»

ማውሱን ለቃ ወደ ስልኩ ዞረች።

«እንዲህ ማለት ማን አስተማረሽ?»

«አክስቴ። ትልቅ ሰው አንቺ አይባልም አለችኝ።»

«አክስትሽንስ ምን ብለሽ ነው የምትጠሪያት?»

ልጅቷ ሳቀች። «አክስቴንማ አንቺ ነው የምላት።»