ዳገቱ ላይ የተከፈተልን መንገድ

ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ጦርነቱ ወደ እኛ ወደ አምባሰል የተጠጋበት ሰሞን ነው። ስለዚያ ጊዜ ሲወራ ሰው የሚያነሣው የሸሸበትን፣ የተዘረፈበትን ነው፤ እኔም የማነሣው አላጣም። ግን ቀድማ ትዝ የምትለኝ ሁልጊዜ ሐይቅ ሳይደረስ ካለው ዳገት ላይ ቆማ እምቢ ያለችን አንዲት ትንሽ መኪና ናት።

አባታችን መሪጌታ ናቸው። ከውጫሌ ወጣ ብሎ ባለ ደብር ዜማ ያስተምሩ ነበር። ከመሸሻችን ዐሥር ቀን በፊት ከደረጃ ወድቀው ጭናቸው ተሰበረ። ወጌሻው በሸምበቆ ጠፍሮ አሰረላቸውና፣ "አጥንቱ እስኪይዝ እንዳይነቀነቅ፤ ከተዛነፈ ዳግመኛ አይቆሙበትም" ብሎን ሄደ። መሪጌታ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ የሚያዜም ሰው ነው። እግራቸውን ካጡ ሥራቸውንም አጡ ማለት ነው።

ሰዉ ቤቱን እየዘጋ መውጣት ሲጀምር ታላቅ ወንድሜ አያ ደምሴ ደሴ ከሚኖረው የአክስታችን ልጅ መኪና ተውሶ መጣ። የቤት መኪና፣ አውቶማቲክ። አያ ደምሴ ሃያ ዓመት የጭነት መኪና የነዳ ሰው ነው። ዳገት ላይ ፍሬን ሳይነካ፣ ፍሪሲዮንና ነዳጅ ብቻ እያመዛዘነ መኪና አቁሞ ይይዛል፤ በዚህም ይኮራል። የዚህች መኪና ነገር ግን ሌላ ነው። ውስጧ ሁለት ፍሪሲዮን አላት፤ በእግር የሚረገጥ ግን አንድም የለም። ራሷ ትይዛለች፣ ራሷ ትለቃለች።

አባባን የኋላው ወንበር ላይ አስተኛናቸው። እኔ ከወንበሮቹ መሀል ወለሉ ላይ ተቀምጬ የተሰበረውን እግር በሁለት እጄ ያዝኩ።

ዳገቱ ሥር ስንደርስ መኪናው ሁሉ ተጣብቋል። ሰልፉ ሁለት እርምጃ ይሄዳል፣ ይቆማል። አያ ደምሴ እንደለመደው ፍሬን አይዝም፤ ትንሽ ትንሽ ነዳጅ እየሰጠ መኪናዋን ዳገቱ ላይ ያንሳፍፋታል። ሰልፉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ትዘላለች። አባባ አይጮሁም። ዳዊታቸውን ነው የሚደግሙት፤ መኪናዋ ስትዘል ድምፃቸው ይቆረጣል፣ ከዚያ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

"ደምሴ" አሉ አንድ ጊዜ፣ "በቅሎ እንኳ ልትነሣ ስትል ታስታውቃለች።"

"ምን ላድርግ አባባ፣ የሰው መኪና ናት፤ ጠባይዋን አላውቅ።"

ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። መኪናዋ ትንቀጠቀጥ ጀመር፤ ከመሪው ፊት ቀይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በራ። እኔ ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። እንግሊዝኛ የለመድኩት ከመድኃኒትና ከዘይት ዕቃ ላይ እያነበብኩ፣ ከመዝገበ ቃላት እያመሳከርኩ ነው። አንገቴን አስግጌ አየሁት።

"ማርሹ ግሏል ነው የሚለው። ቁም ይላል፣ አያ።"

"ከቆምኩ መሀል ይገቡብኛል። ከገቡብኝ እዚሁ ቀረን።"

ነዳጁን ጨመረ። ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ግን ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ከኋላችን ሰው ከነጓዙ የጫነ አይሱዙ ነበር፤ ጡሩምባውን ለቀቀው። አያ ደምሴ ፍሬኑን ሲረግጥ በመሀላችን አንድ ክንድ ቢቀር ነው። አባባ ዳዊቱን አቋርጠው የወንበሩን ጠርዝ ጨበጡ።

የአይሱዙው ሹፌር ወርዶ መጣ። ስሙ ሁሴን መሆኑን በኋላ ነው የሰማነው። "ወንድሜ፣ ሕፃናት ጭኛለሁ እኮ። ዳገት የማትችል ከሆነ..." ብሎ ሊቀጥል ሲል በመስኮቱ የአባባን እግር አየ። ድምፁ ወረደ። "አብሽሩ፣ መምሬ" አላቸው።

አያ ደምሴ ከፊት ኪስ ውስጥ የመኪናዋን መጽሐፍ አውጥቶ አቀበለኝ። "እስቲ አንብቢው። ሃያ ዓመት ነድቼ ከወረቀት ልማር" አለ፤ ፊቱ ላይ ግን ቀልድ የለም።

ገጹን ፈልጌ አገኘሁት። የማላውቀውን ቃል እየዘለልኩ ተረጎምኩላቸው። ማርሹ ፓርኪንግ ላይ ሆኖ ይብረድ ይላል። ዳገት ላይ በነዳጅ አትያዟት፤ ፍሪሲዮኑ ሳይነክስ እየተፋተገ የሚቃጠለው ያን ጊዜ ነው። ፍሬን ረግጣችሁ ቁሙ። መንገዱ ሲከፈት ልቀቁና ሳታመነቱ ባንዴ ሂዱ።

"እንግዲያ የምትፈልገው ክፍት ቦታ ነው" አለ ሁሴን።

"ሃያ ሠላሳ እርምጃ ብትገኝ። ግን ዛሬ ማን ይሰጣል?" አለ አያ ደምሴ።

"እሷን ለእኔ ተዋት።"

ሄዶ አይሱዙውን ከኋላችን መንገዱ ላይ አግድሞ አቆመው። ከላይ የተሳፈሩት ሴቶች ልጆቻቸውን አዝለው ወረዱና ባጃጁም ሞተር ሳይክሉም እንዳይሾልክ ግራና ቀኙን ያዙልን።

ከኋላ ጡሩምባው ቀለጠ። አንዱ ሰውዬ ከመስኮት ብቅ ብሎ፣ "መንገዱን የአባትህ ርስት አደረግኸው እንዴ?" አለው።

"አዎ" አለ ሁሴን፣ "አባቴም ይኸው ተኝተውበታል።"

ሰውየው ወርዶ መጣ። ሊጣላ ነው ስል አባባን አየና ተመልሶ እሱም ሌሎቹን ያስቆም ጀመር።

ቀዩ ጽሑፍ እስኪጠፋ ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ከወዲያ ማዶ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ይሰማል። ከፊታችን ያለው ሰልፍ ወጥቶ ወጥቶ መንገዱ ባዶ ሆነ፤ ማንም አልቀደመንም። አያ ደምሴ ፍሬኑን ለቀቀ። መኪናዋ ወደ ኋላ አልሄደችም፤ ለአፍታ ራሷን ይዛ ቆየች። ነዳጁን ቀስ አድርጎ ነካው።

"ተነሣን እንዴ?" አሉ አባባ።

መነሣታችንን አላወቁም። አያ ደምሴ ሳቀ፣ እኔ አለቀስኩ። እንዲህ እየቆምን፣ ቦታ እየጠበቅን፣ ባንዴ እየተነሣን ዳገቱን ጨረስነው። ሁሴን እስከ አናቱ ድረስ ከኋላችን አልተለየም። ከዚያ ሴቶቹን መልሶ ጫነና በጡሩምባ ተሰናብቶን አለፈ። ከዚያ ወዲህ አላየነውም።

ደሴ ያየን ሐኪም አጥንቱ አልተዛነፈም አለን። አባባ ዛሬ በመቋሚያቸው ተደግፈው ማሕሌት ይቆማሉ።

ያን ጊዜ ሰው ሁሉ አውሬ ሆኖ ነበር የሚል ሲገጥመኝ አልከራከረውም፤ ያየውን ነው የሚናገረው። እኔ ግን ነፍሱን ሊያድን የሚሮጥ ሕዝብ ባዶ መንገድ ከፊቱ እያየ፣ ለማያውቀው ሽማግሌ ብሎ ሲጠብቅ አይቻለሁ። ስለዚህ በሰው ተስፋ መቁረጥ አልሆነልኝም።

ወራት አልፈው አያ ደምሴ በሚነዳው የጭነት መኪና ወደ ቤታችን ስንመለስ ያ ዳገት በድንጋይ ተሞልቶ አገኘነው። ሲሸሽ መኪናው ሁሉ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ጎማው ሥር ታኮ ያደረገው፣ ሲነሣ እዚያው አስፋልቱ ላይ ጥሎት የሄደ ድንጋይ ነው። አያ ደምሴ መኪናውን ዳር አስይዞ ወረደ። እጅጌውን ሰበሰበና ከላይ ጀምሮ እስከ ታች አንድ በአንድ እያነሣ ቦዩ ውስጥ ጨመረው። ሲጨርስ ከሰዓት ሆኖ ነበር።