ጤና አዳም በቀኝ ጆሮ

ፈንጣጣ ከጅዳ በስተ ደቡብ ወዳለው ተራራችን በወጣበት ዓመት ጁብራን አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። እናትና አባቱን በአንድ ሳምንት ቀበረ። እሱ ተረፈ፤ ፊቱ ግን ተበሳሳ። ከዚያ ወዲያ ሰባት ዓመት ራሱንም ፊቱንም በሻሽ ጠቅልሎ ኖረ።

በእኛ አገር ወንድ በራሱ ላይ አበባ ሳያስር ገበያ አይወጣም፤ ከሐዘንተኛ በቀር። አንድ ማክሰኞ አበባ ሻጯ ጋሊያ ጠራችው።

«አንተ ጥቅልል! ሐዘንህ አያልቅም እንዴ?»

«ፊቴን ብታዪ ትሸሻለሽ።»

«በሶብላዬን ለማን ጥዬ? ይልቅ ግለጠው!»

ገለጠው። ዓይኗን ከፊቱ ሳትነቅል በሶብላውን በራሱ ዙሪያ አሰረችለት። ጤና አዳሙን ከቀኝ ጆሮው በላይ ሰካችው። ቀኝ የባለትዳር ነው፤ ሚስት ፈላጊ በግራ ይሰካል።

«ተሳሳትሽ» አላት።

«እኔ አበባ ስሰካ አልሳሳትም» አለችው።

በዓመቱ ተጋቡ። አርባ አራት ዓመት በየጠዋቱ አበባውን አሰረችለት፤ እሱ አንድም ቀን በእጁ አስሮ አያውቅም።

ጋሊያ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆነ። ጁብራን አበባ ትቶ ራሱን ባዶ አድርጎ ከረመ። በቀደም ልጁ ሙፈሪህ ወንድ ልጁን ሊድር ነበርና አባቱን ወደ ሠርጉ ሊወስድ ከጅዳ መጣ።

«አባባ፣ እዚያ አበባ የሴት ነው። የሙሽራዋ ዘመዶች እንዳይስቁብን ነጭ ሻሽ ገዝቼልሃለሁ።»

«ሻሽስ በልጅነቴ ጠግቤዋለሁ» አለ ጁብራን።

በማግስቱ ገበያ ወርዶ አበባውን ገዛ፤ በልጁ መኪና መስታወት እያየ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጁ አሰረ። እኔም እዚያው ነበርኩ። መስታወቱ አሳስቶት ጤና አዳሙን በግራ ሰካው። ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ።

«የሙፈሪህ አባት፣ በዚህ ዕድሜህ? እኔ አለሁልህ!» አለች ጥርስ አልባዋ ማር ሻጭ።

የጋሊያ እህት ሸርዒያ ልታስተካክልለት እጇን ዘረጋች።

«ተይኝ፣ እህቴ» አላት። ከመስታወቱ ዞር ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። የጋሊያ ጣት በየጠዋቱ ያርፍበት የነበረውን ቦታ በዳበሳ ፈለገ፤ ቆየ፤ አገኘው። ጤና አዳሙን እዚያው፣ በቀኝ ሰካው። የሚስቅ አልነበረም።

ሙፈሪህ ሻሹን እንደያዘ ቆሞ ነበር። ጁብራን መኪናው ውስጥ ገብቶ ተደላድሎ ተቀመጠና እንዲህ አለው፦

«የሚስቅ ይሳቅ፣ ልጄ። በዕድሜዬ ካየሁት ሁሉ የሚበልጥብኝ፣ ያን የልጅነቴን ሻሽ ስገልጠው እናትህ ዓይኗን ከፊቴ አለመንቀሏ ነው። ይህ አበባ በራሴ ላይ ሲሆን ዛሬም የምታየኝ ይመስለኛል።»