«ምንም አትልም» የተባለችው መኪና

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ነፋስ ስልክ

ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ወጣን። መንገዱ ባዶ ነው። ከቀበሌው ሱቅ ግድግዳ ሥር የተሰለፉ ሰዎች ብቻ ጋቢያቸውን ተከናንበው ያዛጋሉ። እኔ ከኋላ፣ በሁለት የውሃ በርሜል መሀል ተሰክቼ፣ ጉልበቴ ላይ ፋይል ይዣለሁ። ፋይሉ ውስጥ አንዲት ወረቀት አለች። የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ እየነገሩኝ ትናንት ከሰዓት በኋላ የተየብኳት እኔው ነኝ፦ «መኪናዋ ተፈትና ለበረሃ ጉዞ ብቁ ሆና ተገኝታለች።» የቀረው የሾፌሩ ፊርማ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ግን መኪናዋ ገና ከጋራዥ አልወጣችም ነበር!

ነገሩ አልጣመኝም። «ፈተናውን የሚመዘግብ ሰው ያስፈልጋል» ብዬ ተጨቃጭቄ የመጣሁትም ለዚሁ ነው። ሰኞ ዕለት ይህች መኪና አራት የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ጭና ከአዋሽ ወዲያ በረሃ ትገባለች። ብቻዋን። በዚያ መንገድ በሳምንት ሌላ መኪና ላያልፍ ይችላል። እዚያ መኪና የቆመበት ሰው፣ ውሃው እስኪያልቅ ነው ዕድሜው።

የሚነዱት ጋሽ ደበላ ናቸው፤ የሀና ማርያም ተወላጅ፣ ግማሽ ገበሬ ግማሽ ሾፌር። ሃያ ዓመት ነድተዋል፤ ሃያውንም በአስፋልት። ከጎናቸው ኑረዲን ተቀምጧል፤ መኪናዋን ያደሰው የመካኒሳ አቦ መካኒክ።

«ምን ምን አደረግክላት?» አልኩት፣ እስክሪብቶዬን አውጥቼ።

«ባሌስትራዋን ከፍ አደረግኩ። ሰፋፊ ጎማ ገባላት። ሁለተኛ የነዳጅ ታንክ፣ ጣሪያዋ ላይ የዕቃ መጫኛ። በቃ።»

«ከፊት ይንኳኳ የነበረውስ?»

«ይኸው ትሰሚያለሽ ወይ? ምንም አትልም!»

እውነትም ምንም አትልም። ባለፈው ሳምንት ቃሊቲ ድረስ ትሰማ የነበረች መኪና አሁን እንደ ሙሽራ አንገቷን ደፍታለች። ይኼ ደግሞ ይብስ አስጠረጠረኝ። መለዋወጫ በጠፋበት አገር፣ በአምስት ቀን ውስጥ ዝም ያለ ብረት አያስተማምንም።

ሁለት ሰዓት፣ ሞጆ

ኬላው ላይ ገመድ ተወጥሯል። ጠመንጃ ያነገተው ሰውዬ የይለፍ ወረቀታችንን አገላብጦ አየና በመስኮት እኔን አየኝ።

«እሷስ? ምን ትሠራለች?»

«መኪናዋን ትጠረጥራለች» አሉ ጋሽ ደበላ፣ ፊታቸውን ሳይፈቱ።

ሰውዬው አልሳቀም። እኔም አልሳቅኩም። ኑረዲን ብቻ እስኪያስለው ሳቀ፤ ከልኩ በላይ። ከኬላው ወዲያ እንቁላል ፍርፍር በዳቦ በላን። ኑረዲን ከዳቦው ቆርሶ ተወው። ሆዳም ነው ብለውኝ ነበር።

አምስት ሰዓት፣ መተሐራ

ጥቁር ድንጋይ፣ የተቃጠለ አገር። ነፋሱ በመስኮት ሲገባ እንደ ልብስ መተኮሻ ፊት ላይ ይተነፍሳል። መንገድ ዳር ሸንኮራ ይሸጣል፤ አንዱ በስሙኒ። ሻጯ ሴትዮ መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አይታ «ይቺ የት ልትደርስ ነው እንዲህ ያበጠችው?» አለች።

ጋሽ ደበላ ሸንኮራቸውን እየላጡ እኔ አጠገብ መጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አንቺ ልጅ፣ ያቺን ወረቀት አንብቢልኝ እስቲ።»

አነበብኩላቸው። ሸንኮራውን መላጥ አቆሙ።

«ብቁ ናት ብዬ ፈርሜ እዚያ ብትቆምብኝ፣ የአራት ሰው ነፍስ በእኔ ነው። አልፈርምም ካልኩ ደግሞ... ታውቂዋለሽ።»

አውቀዋለሁ። ኃላፊያችን ሥራ ለዘገየ ሁሉ አንድ ቃል አላቸው፦ አሻጥር። በዚያች ቃል ተጠርቶ ሄዶ ያልተመለሰ ሰው በየሰፈሩ አለ።

ሰባት ሰዓት ተኩል፣ ከአዋሽ ወዲያ

አስፋልቱን ለቅቀን ግማሽ ሰዓት እንደተጓዝን አንድ የደረቀ ወንዝ አገኘን። ወለሉ ሙሉ አሸዋ ነው፤ ነጭ፣ እንደ ዱቄት የላመ።

«ከዚህ እንመለስ» አለ ኑረዲን። «አየናት እኮ! ዳገቱን ወጣች፣ ሙቀቱን ቻለች፣ ሌላ ምን ቀራት?»

«አሸዋ ቀራት» አልኩት።

«እህቴ፣ ላብሽን አድርቂ እንጂ ምን አቻኮለሽ?»

ላቡ የሚንቆረቆረው ከእሱ ነው። ጋሽ ደበላ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩ። ከዚያ አራቱንም ጎማ ያዞራል የተባለውን ማርሽ ሳቡና ገቡበት። መኪናዋ እንደ መጋዝ ጮኸች፣ ሃያ ክንድ ያህል ሄደች፣ ተቀመጠች። ነዳጅ በሰጧት ቁጥር ወደ ታች ትሰምጣለች። ወርደን በአካፋ ቆፈርን፣ የጎማውን ንፋስ ቀነስን፣ ጆንያ አነጠፍን። እንደገና ሰመጠች።

ግመሎቹን ይዞ በወንዙ ማዶ ያልፍ የነበረ አንድ አፋር ሰውዬ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ቆሞ ያየናል። ቆይቶ ቀረበ። ጋሽ ደበላ ነዳጅ ሲሰጡ ጎንበስ ብሎ ጎማዎቹን ተመለከተ።

«ኋላው ይቆፍራል» አለ በተሰባበረ አማርኛ። በዱላው የፊቱን ጎማ መታ መታ አደረገ። «ይኼ ተኝቷል።»

እኔ ሻርፔን አንጥፌ በጀርባዬ መኪናዋ ሥር ገባሁ። ስለ መኪና የማውቀው ጥቂት ነው፤ ግን ከኋላ ያለ ነገር ከፊት ሲጎድል ለማየት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄድ ወፍራም ረጅም ብረት አለ። ወደ ፊት የሚሄደው የለም። በቦታው አራት ባዶ የብሎን ቀዳዳ።

«ጋሽ ደበላ፣ የፊቱን የሚያዞረው ብረት የለም።»

«የለም ማለት?»

«የለም! ተፈቷል!»

ከሥሯ ስወጣ ጋሽ ደበላ የኑረዲንን ኮሌታ ይዘዋል። እርጅናቸው የት እንደሄደ እንጃ።

«አንተ ኑሬ! ልትቀብረን ነው?»

«ወላሂ አይደለም ጋሽ ደበላ! የሥራ ትዕዛዙ ምን ይላል? ‹ከፊት የሚሰማው ድምፅ እስከ ዓርብ እንዲጠፋ›። የብረቱ መገጣጠሚያ ተበልቷል፣ ምትክ የለም። ለመንኳቸው። ‹ሰበብ አትደርድር› አሉኝ። የሚጮኸውን ፈታሁት፣ ድምፁ ጠፋ። ኋላዋ ብቻውን ይበቃል ብዬ... መኪናዋ የምትገባበት እንዲህ ያለ አሸዋ መሆኑን መቼ አወቅኩ?»

የሥራ ትዕዛዙን የተየብኩት እኔ ነኝ። «ብልሽቱ ይጠገን» አይልም። «ድምፁ ይጥፋ» ነው የሚለው። ኃላፊያችን እንዳሉኝ፣ ቃል በቃል። ስጽፈው ቅር እንኳ አላለኝም።

አፋሩ ሰውዬ በትከሻው እየገፋ፣ እኛ ድንጋይ እየደለደልን፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ወጣን። ስሙን ሳንጠይቀው ግመሎቹን ተከትሎ ሄደ። መሸብን፤ ናዝሬት አደርን።

እሁድ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቃሊቲ

ጋሽ ደበላ «እኔ አልፈርምም» ብለዋል። ኑረዲን መስኮቱን ደገፍ ብሎ ተቀምጧል። ነገ ጥፋቱን ሁሉ በሾፌሩ ላይ ያላክካል ብዬ እጠብቃለሁ፤ አላምነውም። ሦስት ልጆች አሉት። ልጆች ያሉት ሰው ሲፈራ ምን እንደሚል ማን ያውቃል?

ሰኞ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ መሥሪያ ቤት

ኃላፊያችን ያልተፈረመችውን ወረቀት አዩና ያቺን ቃላቸውን አወጡ።

«ይሄ አሻጥር ነው! ማነው እምቢ ያለው?»

ጋሽ ደበላ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። አፌን ልከፍት ስል በሩ ተንኳኳ። ኑረዲን ነው፤ ማንም አልጠራውም። ትከሻው ላይ ግራሶ የጠጣ ረጅም ብረት ተሸክሟል። ጠረጴዛው ላይ፣ ወረቀቷ ላይ አጋደመው።

«ጓድ፣ መኪናዋ ያጣችው ይኼን ነው። የፈታሁት እኔ ነኝ። ድምፅ ይጥፋ ተባልኩ፣ አጠፋሁ። የምታስሩት ካለ እኔን።»

«ማነው እንዲህ ብሎ ያዘዘህ?»

ምላሴ እንደ ልማዷ ቀደመችኝ።

«ትዕዛዙን የተየብኩት እኔ ነኝ። የፈረሙት እርስዎ ነዎት። ቅጂው ፋይል ውስጥ አለ፤ ላምጣው?»

ኃላፊያችን ብረቱን አዩት። ግራሶው በወረቀቷ ላይ እየተንሰራፋ ነበር። ኮፍያ የያዙትን ሰውዬ አዩ፣ እኔን አዩ። «ብቁ» የሚለው ቃል ጥቁር ሆኗል።

«ሌላ መኪና እስኪገኝ ጉዞው ይቆይ» አሉ በመጨረሻ። «አንተ ይኼን አንሳልኝ፣ ጠረጴዛዬን አበላሸኸው።»

ማንንም አልከሰሱም፣ ማንንም አላሰሩም። እስከ ዛሬ ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ሳምንት ሙሉ በሩ በተንኳኳ ቁጥር እየደነገጥኩ ነው የሠራሁት።

ጋሽ ደበላ ግን ያን ዕለት ፈቃድ ጠይቀው ሄዱ። አዋሽን መሻገር በነበረባቸው ሰዓት፣ ሀና ማርያም፣ ከቤታቸው ጓሮ ሽምብራ እየነቀሉ ነበር።