ጅቡ ሲሉኝ አቤት ያልኩባቸው ዓርቦች

ለአራት ወራት ያህል፣ ዓርብ ዓርብ ጠዋት፣ በእስራኤል አገር፣ በቤርሼቫ አሮጌው ከተማ ባለች አንዲት የካርታ ጨዋታ ሱቅ ውስጥ ስሜ «ጅቡ» ነበር። ማንም በግድ አልለጠፈብኝም፤ ራሴ ነኝ ያስመዘገብኩት። አባባ ደግሞ የዕድሜያቸውን ሲሶ በዚሁ ስም ሲሰደቡ ኖረው፣ አገር ጥለው በእግራቸው የወጡ ሰው ናቸው። ስሙን መልሼ ቤታችን ያስገባሁት እኔ ስለሆንኩ ማስወጣቱም የእኔ ዕዳ ሆነ። እንዴት እንዳስወጣሁት፣ በትክክል ለመናገር ደግሞ እኔ እንዳላስወጣሁት፣ ልናገር።

ሱቋ ጠባብ ናት። አራት ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ አንድ ነጭ ሰሌዳ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚያንጠባጥብ ማዝጋን፣ ማለት የአየር ማቀዝቀዣ። ማዝጋኑ ሥር ባልዲ ተቀምጧል፤ ባልዲው ሲሞላ የተሸነፈ ይደፋዋል። በጠረጴዛዎቹ ዙሪያ ሚስትና ልጆች ያሏቸው ጎልማሶች ወረቀት ላይ በተሳለ ዘንዶ ሲኮሩ ይውላሉ። ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ሰዎች ስልሳ ስልሳ ካርታ ይዘው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። እያንዳንዳቸው ሃያ ነፍስ አላቸው። በየካርታው ላይ አውሬ አለ፤ አውሬህን እያወጣህ የሌላውን ነፍስ ታስበላለህ፤ ነፍሱ ያለቀበት ተነሥቶ እጅ ይጨብጣል። የቀረው ዝርዝር ነው። በዝርዝሩ ላይ ግን ፍርድ ቤት ውስጥ እንኳ እንደዚያ የሚከራከር ሰው አላየሁም።

ባንኮኒው ላይ ማንም የማይፈልጋቸው ካርታዎች የሚጣሉበት የጫማ ካርቶን አለ። የእኔ ስልሳ ካርታዎች የተለቀሙት ከዚያ ነው። ግጥም እጽፋለሁ፤ ማንም አላስተማረኝም፣ የሚያነቡኝም ሰዎች ይህን ቶሎ ይደርሱበታል። ገጣሚ የራሱ አውሬ ያስፈልገዋል ብዬ አምን ነበር። የእኛ ልጆች ሁሉ አንበሳ ይወስዳሉ፤ ቲሸርታቸው ላይ አንበሳ፣ ክንዳቸው ላይ አንበሳ፣ ፀጉር ቤቱ መስታወት ላይ አንበሳ። እኔ የተለየሁ ነኝና ጅብ ወሰድኩ።

ጅቦቹ ለየብቻቸው የማይረቡ ናቸው። ሲሰበሰቡ ነው ጠባያቸው የሚወጣው። ጠረጴዛው ላይ አንድ አውሬ በሞተ ቁጥር፣ የእኔም ይሁን የሌላው፣ አንደኛዋ ጅብ አንድ ነፍስ ትሰጠኛለች። ነፍስ ባገኘሁ ቁጥር ሁለተኛዋ ትወፍራለች። ከሁሉም በላይ አሮጊቷ አለች፤ የገዛ ልጆቿን እየበላች ነፍስ የምትጨምርልኝ። እንዲህ ያለ ነፍስ ሰብሳቢ የካርታ ጥቅል በዚያ ሱቅ የተናቀ ነው። አያሸንፍም፣ መሞቱን ብቻ ያዘገያል ይላሉ። ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል የሚለውን ተረት በዕብራይስጥ ልተርትላቸው ሞክሬ ነበር፤ ማንም አልሳቀም። ቢሆንም ማሸነፍ ጀመርኩ፤ በብልሃት ሳይሆን በማሰልቸት። ባላጋራዬ ሽንት ቤት ደርሶ፣ ሚስቱን በስልክ አባብሎ፣ ሳንድዊቹን በልቶ ሲመለስ እኔ ገና ነፍሴን ስደምር ያገኘኛል። አንዳንዱ እጁን የሚሰጠኝ ምሳ ስለደረሰበት ነበር።

የሱቁ ባለቤት ማን ከማን ጋር እንደሚጫወት ሰሌዳው ላይ ይጽፋል። የእኔ ስም አፉ ላይ አልዞር ብሎት ሲቸገር፣ «ጅቡ ብለህ ጻፍ» አልኩት። ተገላገለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጅቡ ጠረጴዛ ሦስት፣ ጅቡ ጠረጴዛ ሁለት ሲባል እጄን የማነሣው እኔ ሆንኩ። ደስ ይለኝ ነበር። በሥራ ቦታ ስሜን የሚጠራኝ አልነበረም፤ እዚህ ቢያንስ የሚጠሩኝ ነገር ነበራቸው።

የምንኖረው ሽኩና ቫቭ በሚባለው ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። አባባ ፕላስቲክ በሚያቀልጥ ፋብሪካ፣ እዚህ ሚፍዓል በሚሉት፣ ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚያዩት ነገር ይፈልጋሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ካርታዎቼን ሳሎን ዘርግቼ ከራሴ ጋር ስጫወት መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። የአሮጊቷን ካርታ አንሥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጓት። ጅብ ነው ወይ አሉኝ። አዎ አልኩና፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በዕብራይስጥ ማስረዳት ጀመርኩ። ሌላው ሲሞት እኔ ነፍስ እንደማገኝ። አሮጊቷ ልጆች እንደምትበላ። ሱቅ ውስጥ ሁሉም ሰው ጅቡ እንደሚለኝ። ይህን የመጨረሻውን በኩራት ነው የተናገርኩት። አባባ ካርታዋን በፊቷ ደፍተው አስቀመጧትና ወደ በረንዳው ወጡ። 

እናቴ ወጥ ቤት ምስር እየለቀመች ነበር። ምን አጠፋሁ አልኳት።

«አንተ ልጅ፣ ጤና የለህም?» አለች። «የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው ጅብ አንተ ነህ።»

ተረቱ ካመለጣት በኋላ ምን ብላ እንደጠራችኝ ገባትና አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ምስሩን ትታ ነገረችኝ። የአባባ አባት ጎንደር ገጠር ውስጥ አንጥረኛ ነበሩ፤ ማረሻና መጥረቢያ ይሠሩ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ቀን ቀን ማረሻ ይገዛቸዋል፤ ሲመሽ ደግሞ ጅብ ሆነው መቃብር ይቆፍራሉ ይላቸዋል። የአንድ ሰው ልጅ ባተኮሰው ቁጥር የበላው ቡዳ ይፈለጋል፤ ፍለጋውም ሩቅ አይሄድም፣ የአንጥረኛው ደጃፍ ይታወቃል። መድኃኒቱ የቡዳውን ልብስ ቁራጭ አቃጥሎ ሕመምተኛውን በጭሱ ማጠን ነው። አባባ የአሥር ዓመት ልጅ ሳሉ፣ በገበያ ቀን፣ አንዲት ሴት ከኋላቸው መጥታ የሸሚዛቸውን ጫፍ በምላጭ ቆርጣ ሄደች። ሸሚዙን እናታቸው ያን ሳምንት ነበር የሰፉት። ዞር ብለው ሲያዩዋት ሴትዮዋ አልተቆጣችም፣ አልሰደበችም፤ ልጇ ታሞባት ነበርና ትቸኩል ነበር። አባባ ከነገሩ ሁሉ የማይረሱት መቸኮሏን እንደሆነ እናቴ ነገረችኝ።

ከዚያ በፊት አልሰማሁም ብል ዋሸሁ። ቡዳ የሚለውን ቃል አጎቶቼ በየሠርጉ እየሳቁ ሲያወሩት ሰምቻለሁ። ግን እዚያ የሆነ ነገር ሁሉ ለእኔ ተረት ነበር፤ በተረት ላይ ደግሞ ሰው ሸሚዝ አይቀደድበትም።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። እናቴ ስትጨርስ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ስለ አባባ አልነበረም፤ ጥሩ ግጥም ይወጣዋል የሚል ነበር። ክፍሌ ገብቼ አሥራ ሁለት ስንኝ ጻፍኩ። ቤት እንዲመታልኝ ስል ሸሚዙን ቀይ አደረግሁት። እናቴ ቀለሙን አልነገረችኝም።

ሁለተኛው ሐሳቤ ከመጀመሪያው የባሰ ነበር። ስድብን የተሰደበው ሰው ራሱ ከወሰደው ስድብነቱ ይቀራል የሚል ነገር ዩኒቨርሲቲው ካፌ ውስጥ ሰምቼ ነበር፤ ተማሪ ሆኜ ሳይሆን ሳህን ሳጥብ። ይህን ይዤ በረንዳ ላይ አባባ ፊት ቆምኩ። ስሙን ከሰዳቢዎቹ ነጥቄዋለሁ አልኳቸው፤ አሁን የእኛ ነው፣ እንደፈለግን እናደርገዋለን። ረጅም ንግግር ነበር፤ እጄንም አወናጭፌያለሁ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ከማን ነው የነጠቅከው?» አሉ። «እዚህ አገር ማንም አያውቀውም ነበር። አንተ ነህ ያስተማርካቸው።»

 ዓርብ ሲደርስ ግን ካርታዬን ይዤ ሄድኩ። የክረምቱ ውድድር መዝጊያ ነበር፣ እኔም እስከ መጨረሻው ጨዋታ ደርሻለሁ። አንድ ዓርብ ብቻ፣ ከዚያ እተወዋለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

አባባ ዓርብ ጠዋት ለሰንበት ከገበያ ይሸምታሉ። ያን ዕለት ጉልበታቸው አመማቸውና ዕቃውን እንድሸከምላቸው እናቴ በስልክ ወደ ሱቁ ላከቻቸው። ሁለት ፌስታል ይዘው፣ ከአንደኛው የድንብላል ቅጠል ተንጠልጥሎ፣ በሩ ላይ ሲደርሱ የሱቁ ባለቤት ጅቡ ጠረጴዛ አንድ ብሎ ተጣራ። እኔም ከካርታዬ ቀና ሳልል አቤት አልኩ። ያልኩት በዕብራይስጥ ነው፤ ትርጉሙ ግን ያው ነው። ቀና ስል አባባ ቆመዋል።

ባለሱቁ ክፉ ሰው አይደለም። ማን እንደሆኑ ሲያውቅ የራሱን ወንበር ለቀቀላቸው፣ ቀዝቃዛ ውኃ ቀዳላቸው፣ «የጅቡ አባት መጡልን» ብሎም ለቤቱ ሁሉ አስተዋወቃቸው። ሁለት ሦስት ሰው አጨበጨበ። ሠላሳ ዓመት ሚፍዓል የሠራ ሰው ዕብራይስጥ አይጠፋውም። አባባ ስለ ውኃው አመሰገኑና ፌስታሎቹን በእግሮቻቸው መካከል አድርገው ተቀመጡ።

ባላጋራዬ በኮምፒውተር ኩባንያ የሚሠራ፣ ጥቅሉን አንድ በአንድ ሳይለቅም እንዳለ ገዝቶ የሚመጣ፣ ባለ ዘንዶ ሰው ነበር። ዘንዶዎቹ ጅቦቼን ያቃጥሏቸው ጀመር። እሱ በገደለ ቁጥር እኔ ነፍስ አገኘሁ። ሃያ የነበረው አርባ ሆነ፣ አርባው ስልሳ። ደንቡ የምታደርገውን ጮክ ብለህ እንድትናገር ያዝዛል። ስለዚህ አባባ ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጠው፣ እኔ አሮጊቷን የገዛ ልጆቿን እያበላሁ እቆጥር ነበር፤ አንድ ሞተ አንድ ነፍስ፣ አንድ ሞተ አንድ ነፍስ። ማቆም እችል ነበር። አሸነፍኩ። ሰዎቹ ጠረጴዛውን እየደበደቡ ጅቡ፣ ጅቡ አሉ። ሽልማቱ የፕላስቲክ ዋንጫ ነበር።

ፌስታሎቹን እኔ ተሸከምኩ። አውቶቡስ መጠበቂያው ስንደርስ፣ ቀልድ እኮ ነው አልኳቸው።

«አባቴን ማረሻ ሊገዛ የመጣ ሰው ጅቡ ብሎ ከጠራው፣ መዶሻውን አስቀምጦ ይቆማል» አሉ። «ስሙን እስኪጠሩት ድረስ ዝም ይላል። ቀኑን ሙሉ ሳይሸጥ የዋለበት ጊዜ አለ። አንተ ሲጠሩህ አቤት አልክ።»

እሑድ ዕለት ጅቦቹን ወደ ጫማው ካርቶን መለስኳቸውና ፍየሎች ለቀምኩ። ፍየሎች ጨዋ ናቸው፤ ማንንም አይበሉም፤ በየተራው ይታለባሉ፣ እኔም አንድ አንድ ነፍስ አገኛለሁ። አንድም ጨዋታ አላሸነፉልኝም። ሦስት ዓርብ ባልዲውን የደፋሁት እኔ ነኝ፤ ሦስቱንም ዓርብ ጅቡ ባልዲውን ድፋ ነው የተባልኩት። ባለሱቁን በስሜ እንዲጠራኝ ለመንኩት። በፍቅር እኮ ነው ወንድሜ አለኝ፤ አባትህም ደስ ብሏቸው ነበር። ስሜን ሰሌዳው ላይ ጻፈልኝ፤ ሰዎቹ ይህ ደግሞ ማነው ሲሉት ከጎኑ በቅንፍ ጅቡ ብሎ ጨመረበት። ጅቦቹ እኮ የሉም ብዬ ካርታዬን ዘርግቼ አሳየኋቸው። ባለ ዘንዶው ፍየሎቹን አገላብጦ አየና፣ ጅብ የፍየል ለምድ ለብሶ መጣ አለ። ሱቁ ሁሉ ሳቀ። በተረት ላይ ያለኝን እምነት ያን ቀን ቀነስኩ።

ለአባባ ነገርኳቸው። ስሙ አልለቀኝም አልኩ። ዓርብ በስንት ሰዓት ትጀምራላችሁ አሉኝ።

በዚያ ዓርብ ፌስታል አልያዙም። የበዓል ኮታቸውን ለብሰው መጡ። ባለሱቁ የጅቡ አባት ብሎ ወንበር ሳበላቸው። አልተቀመጡም። በሚፍዓል ዕብራይስጣቸው፣ ቀስ ብለው፣ የራሳቸውን ስም ተናገሩ፤ አስከትለው የእኔን። ከዚያም «በል» አሉት።

ባለሱቁ ሳቀ። አባባ አልሳቁም። አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ቆመው ጠበቁት። ጨዋታው በየጠረጴዛው ቆመ፤ የማዝጋኑ ጠብታ ባልዲው ላይ ይሰማ ነበር። እኔ ጀግናው ጠረጴዛው ሥር መግባት አማረኝ። ባለሱቁ ሞከረ፤ ተሳሳተ። አባባ አረሙት። እንደገና ተሳሳተ፤ እንደገና አረሙት፤ ልክ ለአዲስ ሠራተኛ ማሽን እንደሚያሳዩ፣ ሳይቆጡ። በአራተኛው ጊዜ ስሙን ሰው የሚያውቀው ስም አደረገው። የእኔን በሁለተኛው ያዘው። ከዚያ ቅንፉን አጥፍቶ፣ እንደ አገራችን ወግ ከልጁ ስም የአባቱን አስከትሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈ፤ አባባም ተቀምጠው ውኃቸውን ጠጡ።

ፍየሎቼ አሥር ደቂቃ አልቆዩም። ባልዲውን ደፍቼ ስወጣ አባባ በሩ ላይ እየጠበቁኝ ነበር።

«ፍየሎቹ ምን ሆኑ?»

አለቁ አልኳቸው።

«ማን በላቸው?»

ባለ ዘንዶውን በመስታወቱ አሻግሬ አሳየኋቸው። ካርታዎቹን እየሰበሰበ ለቀጣዩ ተጫዋች ቦታ ያሰናዳ ነበር። ጥቂት አዩት።

«እሱን ምን ብለው ይጠሩታል?» አሉ።

«በስሙ» አልኳቸው።