መንገዱ ሰፋ

የአባባን አስከሬን ይዘን ስንወጣ፣ የሰሚቱ ጎረቤታችን የብረት በሩን ቀይ እየቀባ ነበር። ድንኳን የሚተክልልን ስላልነበረ ለቅሶ መኖሩን አላወቀም። የቀለሙ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ልጅ ሆንኩ።

ያኔ፣ ወደ ሰሚት ሳንዛወር፣ ቤታችን መገናኛ አጠገብ ነበር። አንድ ጠዋት የመንግሥት ሰዎች ከፖሊስ ጋር መጥተው ግድግዳችን ላይ ትልቅ ቀይ ምልክት አደረጉ። መንገድ ሊሰፋ ስለሆነ ቤቱ ይፈርሳል ተባለ። እማዬ እሪ አለች። እኔ ደግሞ ቀለሙ ሳይደርቅ ነካካሁት።

አባባ ጣቴን በነጭ ጋዝ እየጠረገልኝ፣ «መንገዱማ ያስፈልጋል» አላት። «ምጥ የያዛት ሴት መንገድ ተዘግቶባት ስንቴ አየን?»

ቆየት ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን እድርተኛውን እንዲህ በየአቅጣጫው ከበተኑት፣ እኔን ማን ይቀብረኛል?»

አልገባኝም። መንገድ ሲሰፋ ብዙ ሰው ይመጣል ብዬ ነበር የማስበው።

የሰሚቱ ጎረቤታችን አስከሬኑን ሲያይ ብሩሹን ጥሎ «ይቅርታ፣ በእውነት አላወቅኩም» አለ፤ አንገቱን ደፋ።

መገናኛ ስንደርስ አስከሬን የጫነው መኪና በሰፊው መንገድ አንዴም ሳይቆም አለፈ። ዞር ብዬ አየሁ። የተከተለን አንድ ሚኒባስ ብቻ ነበር፤ እሱም አልሞላም።