መሆጋኒውን ያስቆረጥኩ ጊዜ

ካርቱም፣ አል-ማንሺያ ውስጥ በሠራሁበት ቤት ሁለት ትልልቅ ዛፎች ነበሩ። አንዱ ኒም ነው፤ ግቢው ውስጥ፣ ከወጥ ቤቱ በር ፊት ለፊት ቆሟል። ሌላው መሆጋኒ ነው፤ ከአጥሩ ውጭ፣ ከዋናው በር በስተቀኝ መንገዱ ዳር። የቤቱ እመቤት ባላቸው የሞተባቸው ሱዳናዊት አሮጊት ነበሩ፤ ሐጃ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ሁለቱንም ዛፍ የተከሉት ባላቸው እንደሆኑ ሳይነግሩኝ የዋሉበት ቀን ትንሽ ነው። ውሃ የማጠጣቸው ደግሞ እኔ ነበርኩ። አብሳይም፣ ቤት ጠራጊም፣ አትክልተኛም እኔው ስለሆንኩ ስለ ዛፍ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ላዳላ ካልኩ የማዳላው ለኒሙ ነው። ኒም ሰው አያስቸግርም። ቶሎ ያድጋል፤ ውሃ ቢረሱት አይቀየምም፤ ያ ሁሉ አቧራና ሙቀት ሌላውን ሲያጠወልገው እሱ አረንጓዴ እንደሆነ ይከርማል። ቅጠሉ መራራ ነው። አድርቄ በሐጃ ልብስ እጥፋት መሃል እጨምረዋለሁ፣ ብል አይደርስበትም። ቀጭን ቅርንጫፉ ጥሩ መፋቂያ ይወጣዋል። ጥፋቱ ፍሬው ነው፤ በዝናቡ ወራት ቢጫ ሆኖ ይረግፍና ንጣፉን ያጣብቀዋል፣ ዝንብ ይጠራል፣ እኔም መጥረጊያ ይዤ ስራገም እውላለሁ። ቢሆንም ልብስ የማሰጣው፣ ሽንኩርት የምልጠው፣ እግሬን ዘርግቼ የማርፈው እዚያው ጥላ ሥር ነበር።

መሆጋኒው ኩሩ ነው። ሲያጠጡት ከሥር ከመሠረቱ፣ በደንብ ጠልቆ እስኪወርድ ማጠጣት ነው፤ ከዚያ ለብዙ ቀን መተው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከረጩለት ሥሩ ውሃውን ፍለጋ ወደ ላይ ይመጣና ንጣፍ ያነሳል። እኔ ይህን ያወቅኩት ብዙ ዓመት ጠዋት ጠዋት ስረጭለት ኖሬ፣ የአጥሩ ግርጌ ከተሰነጠቀ በኋላ ነው። እንጨቱ ቀይ ነው፣ አልጋና በር ይሠሩበታል። ቅርፊቱን ለትኩሳት ቀቅለው የሚጠጡም አይቻለሁ። አገሬው ሃቡብ የሚለው የአቧራ ማዕበል ሲነሳ ግን ቅርንጫፉ አይታመንም፤ አንዴ የሐጃን ልጅ መኪና መስታወት ሰባብሯል። ጥላውን ማንም አያማውም። እኩለ ቀን ላይ የመንገዱን ግማሽ ያለብሰው ነበር።

በዚያ ጥላ ሥር ሻይ የሚሸጡ አንዲት የወሎ ሴት ነበሩ። በዕድሜ እናቴን ያክላሉ፤ እትዬ እላቸዋለሁ። የከሰል ምድጃቸው፣ የብርጭቆ ሣጥናቸው፣ በጠፍር የተለበዱ አምስት ዱካዎቻቸው፤ ንብረታቸው ይኸው ነው። ሰው ወደ እሳቸው የሚመጣው ለሻዩም ለጥላውም ነበር። ሾፌሩ፣ ዘበኛው፣ ግንበኛው ሁሉ እዚያ ያርፋል። እኔ ግን አንድም ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ አላውቅም። በሩን ስከፍት “አሰላሙ አለይኩም፣ እትዬ” እላለሁ፣ ቆሻሻዬን ደፍቼ እገባለሁ። የቤት ሠራተኛ ነኝና መንገድ ዳር መቀመጥ የሚያሳንሰኝ ይመስለኝ ነበር። የአንድ አገር ሰዎች ነን፣ እንዲህ ያለ ኩራት ምን ሊጠቅመኝ እንደነበር ዛሬም አላውቅም።

ነገሩ የመጣው በሶላር ነው። ጦርነቱ ገና ያልመጣበት ጊዜ ነበር፤ መብራት ግን ሲሄድ ውሎ ያድራል። የሐጃ ልጅ ጣሪያው ላይ ሶላር ሊያስተክል ባለሙያ አመጣ። ባለሙያው ጣሪያውን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ ጠዋት ኒሙ፣ ከሰዓት መሆጋኒው ያጠሉበታል፣ ከሁለት አንዱ መሄድ አለበት አለ። ሐጃ በቁጣ ተነሱ።

“የአባትህን እጅ ቁረጥ በለኛ!” አሉት ልጃቸውን። “እኔ ሳልሞት አንዱም አይነካም። ኸላስ!”

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። “አንቺ ነሽ የምታጠጫቸው፤ እስቲ ንገሪያት፣ የቱ ቢቆረጥ ይሻላል?”

ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን የታየኝ የልብስ ማስጫዬ ነው። ኒሙ ከተቆረጠ ያ ሁሉ ፀሐይ ወጥ ቤቴ በር ላይ ሊያርፍ ነው። ደግሞም በልቤ የማምነው ነገር ነበረኝ። እኛ አገር ዛፍ ማለት ባሕር ዛፍ ነው። አባቴ ቤት ሊሠራ ሲል ይቆርጠዋል፤ በዓመቱ ከጉቶው ሦስትና አራት ሆኖ ይወጣል። ሲቆረጥ ይበዛል እንጂ ሞተ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

“ሐጃ፣ መሆጋኒው ይቆረጥ፤ አይሞትም” አልኩ። “ያቆጠቁጣል። ሁለት ክረምት ይጠብቁት፣ ሦስት ሆኖ ይወጣልዎታል።”

“ወላሂ?”

“ወላሂ” አልኩ።

ሐጃ አመኑኝ። ለዓመታት ዋሽቻቸው አላውቅማ። በሦስተኛው ቀን ሰዎች መጋዝ ይዘው መጡ፤ ከጠዋት እስከ እኩለ ቀኑ የዙህር ሰላት ድረስ ቆረጡ። እትዬ ዕቃቸውን ወደ ማዶ አሽሽተው ቆመው ያያሉ። ግንዱ ሲወድቅ መንገዱ በአንድ ጊዜ ነጭ ሆኖ ዓይን ይወጋ ጀመር። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የእኔዋ አንዲት ቃል ያን የሚያህል ዛፍ ጣለች።

እትዬ ምድጃቸውን መልሰው እዚያው ጉቶው አጠገብ ተከሉ። ጆንያ በሁለት እንጨት ወጥረው ራሳቸውን ብቻ የምትጋርድ ጥላ ሠሩ። ደንበኞቻቸው አንድ ሁለት እያሉ ወደ ሌላ ጥላ ሄዱ። እኔ ነገሩ ይከነክነኝ ነበርና ፀሐዩ በረድ ሲል፣ ከዐስር ሰላት በኋላ፣ ውሃ ይዤ መውጣት ጀመርኩ። ሁለት ባልዲ ለጉቶው አፈሳለሁ። ከዚያ ወዲያው መግባት አሳፈረኝና ዱካ ሳብ አድርጌ እቀመጣለሁ።

“ያቆጠቁጣል፣ እትዬ” እላቸዋለሁ።

“ኢንሻአላህ” ይላሉ።

እንዲህ እያልን ከሁለት ወር በላይ ሄድን። በዚያ ጊዜ ስለ ሰፈራቸው፣ ስለ ሞተባቸው ልጅ፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ሰማሁ። የኔንም ነገርኳቸው። ፊታቸው ግን በፀሐዩ ጠቆረ፣ ከንፈራቸው ተሰነጠቀ። አንድ ቀን ዞሮባቸው ጉቶው ላይ ተደግፈው አገኘኋቸው። “ሌላ ቦታ ቢሄዱስ?” ስላቸው “ዛፌን ጥዬ?” ብለው ሳቁ።

ከጎረቤት ቤት የሚሠራ አንድ ሽማግሌ ሱዳናዊ አትክልተኛ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ውሃ ሳፈስ አየኝና ቆመ።

“ምን ታደርጊያለሽ?”

“እንዲያቆጠቁጥ ነዋ።”

አልሳቀብኝም፤ ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። ጎንበስ ብሎ ቅርፊቱን በጣቱ ላጥ ሲያደርገው እንደ ደረቀ ቂጣ ተፈረፈረ። ወጣት መሆጋኒ ቢሆን ሊያቆጠቁጥ ይችል ነበር አለኝ፤ ይህን ያህል አርጅቶ የተቆረጠ ግን አይመለስም። “ኒሙን ብትቆርጡት ኖሮ እስከ አሁን ቁመትሽን ያህል በወጣ ነበር” ብሎኝ ሄደ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ የሚባለው ለካ ለእኔ ነው። አትክልተኛው ከአጥሩ ወዲያ ሳለ ምድሩን ሳላውቅ በአባቴ ባሕር ዛፍ ምዬ ነበር።

ያን ቀንና ማግስቱን ሳልወጣ ቀረሁ። ለሐጃ ነገርኳቸው፤ ብዙ አልተቆጡኝም፣ ግን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። የእትዬ ነገር ባሰብኝ። ሴትዮዋ በእኔ ቃል ፀሐይ ላይ ተቀምጠው የማይመጣ ጥላ እየጠበቁ ነው። ካልነገርኳቸው አንድ ቀን እዚያው ሊወድቁብኝ ነው። ከነገርኳቸው ደግሞ መቼም ላያዩኝ ይችላሉ ብዬ ፈራሁ። መፍራቴ ራሱ አናደደኝ።

በሦስተኛው ቀን ወጣሁ። ውሃ አልያዝኩም። እትዬ እጄን አዩ፣ ዱካ አቀረቡልኝ።

“እትዬ፣ ይሄ ጉቶ አያቆጠቁጥም” አልኩ። “ሞቷል። አትክልተኛው ነገረኝ።”

“ለእኔም ነግሮኛል” አሉ፣ ብርጭቆ እያጠቡ። “በተቆረጠ በሳምንቱ።”

“ታዲያ ለምን ዝም አሉ? ለምን እዚህ ይቃጠላሉ?”

“አንቺ ሸጋ፣ ስንት ዓመት ‘አሰላሙ አለይኩም’ እያልሽ በሩን ዘግተሽብኝ ትገቢ ነበር። ውሃ ይዘሽ መውጣት ስትጀምሪ ተቀመጥሽ። አያቆጠቁጥም ብልሽ ትወጪ ነበር?”

እንባዬ መጣ። እዚያ ላይ ዝም ብል ይወዱኝ ነበር፤ ለዚያም ነው መናገሩ የባሰ የከበደኝ።

“እትዬ፣ ያስቆረጥኩትም እኔ ነኝ” አልኩ። “ሐጃ እምቢ ብለው ነበር። ኒሙን ለራሴ ብዬ አስተርፌ፣ መሆጋኒው ይመለሳል ብዬ የማልኩት እኔ ነኝ። እርስዎን አላሰብኩም።”

ይህን አያውቁም ነበር። ከፊታቸው አየሁት። የያዙትን ብርጭቆ አስቀመጡ፣ ሌላ አነሱ፣ እሱንም አስቀመጡ። አንድ ሾፌር መጥቶ ሻይ ቢላቸው “የለም” አሉት፤ ውሃው እየፈላ።

ከዚያ ፍሙ ላይ ውሃ ደፉበት፣ ብርጭቆዎቹን በሣጥኑ ደረደሩ፣ ጆንያውን አወረዱ። ሊሄዱ መሆኑ ገባኝ። ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር አንዲት ዘመዳቸው ከሱቅ በረንዳ ሥር ቦታ ይዛላቸው ለሳምንታት ስትጠራቸው እንደነበር ነግረውኝ ያውቃሉ። ረክሻ የሚሉትን ባጃጅ አስቆሙ። እኔ በሩን ተደግፌ እንደ ቆምኩ ነኝ።

ሣጥኑን ሊያነሱ ጎንበስ ብለው ጉልበታቸው እምቢ አለ። ቀና ብለው አዩኝ።

“ምን ትቆሚያለሽ?” አሉ። “ያስነሳሽኝ አንቺ፣ የምታደርሺኝም አንቺ። ያላ፣ በዚያ በኩል ያዥ።”